«ተኝታ ትቆይ»፤ በእርግዝና መጨረሻ ስለሚታዘዘው የአልጋ ዕረፍት የቀረበ ትችት

በቋንቋችን አንድ ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ቤት ገብቶ ሲቀር «ተኛ» እንላለን። «የት ነው ያለው?» ተብሎ ቢጠየቅ «ሆስፒታል ተኝቷል» ይባላል፤ ቦታም ሲያገኝ «አልጋ ያዘ» ይባላል። ሕመምተኛው በዚያች ሰዓት በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራሸር ወይም ከጎረቤቱ ጋር ዳማ ሲጫወት ቢገኝ እንኳ በአነጋገራችን ተኝቷል። ይህ አነጋገር ለዕለት ጉዳይ የሚያውክ አይደለም። ነገር ግን እርግዝናዋ በመጨረሻዎቹ ወራት የተወሳሰበባት ሴት «ትተኛ» በተባለች ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይታዘዙባታል። አንደኛው ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ባሉበት አጠገብ መቆየት ነው፤ ሁለተኛው በአልጋ ላይ ተጋድሞ አለመነሣት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው፣ የመጀመሪያው ሕይወት የሚያድን ሲሆን የሁለተኛው ጥቅም ያልተረጋገጠ፣ ጉዳቱ ግን የታወቀ መሆኑን ነው። ሁለቱም ተጣብቀው ስለሚታዘዙ አንዳንዲቱ እናት ሁለተኛውን ባለመቻሏ የመጀመሪያውንም ታጣለች።

ጸሐፊዎቹ ሐኪሞች አይደለንም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት በኛ ላይ እንዳይተረት እንፈራለን፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ከራሳችን የምናመጣው የሕክምና ምክር የለም፤ ሐኪሞች ራሳቸው መርምረው የጻፉትን ከትእዛዙ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው ሥራችን። ይህን አንብባም በራሷ ሥልጣን ካልጋ የምትነሣ ሴት እንድትኖር አንፈልግም። ክርክራችን ከአዛዡ ጋር ነው እንጂ ከታዛዧ ጋር አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራን የቤተሰባችን ነገር ነው። አክስታችን ነፍሰ ጡር ሳለች በሰባተኛው ወር ደም ታያት። የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማሕፀኑን በር ሸፍኗል ተብሎ ወደ አንድ ሆስፒታል ገባች፤ ስድስት ሳምንትም ያህል ቆየች። ወደ መጸዳጃ ቤት ከመሄድ በቀር ካልጋ እንዳትወርድ ተነገራት። እኛ በየሳምንቱ መጨረሻ ምግብ ይዘንላት ስንሄድ ሁልጊዜ በአንድ ጎኗ ተጋድማ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እናገኛታለን። መጀመሪያ ትጫወት ነበር፤ በኋላ ነገር ቀነሰች፤ ከዚያም እህል ቀነሰች። ልጁ በቀዶ ሕክምና በደኅና ተወለደ። እናቲቱ ግን ከወሊድ በኋላ ስትነሣ ጉልበቷ ተብረከረከና ግድግዳ ይዛ ቆመች። ቤተ ሰቡ ሁሉ «መተኛቷ ነው ያዳናት» አለ፤ እኛም እንዲሁ አልን።

በአጠገቧ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ነበረች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ እግሯና ፊቷ አብጦ ነበር። ጊዜው የመኸር ነው፤ በቤት አራት ልጆች ትታለች። ቀን ቀን ብድግ እያለች በረንዳ ላይ ትቆማለች፤ ያንዷን ሕመምተኛ ውሃ ትቀዳለች፤ የሌላዋን ሕፃን ታቅፋለች። አንድ ቀን ነርሷ ተቆጣችና «መተኛቱን ካልቻልሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ለሌላ ሰው አልጋውን ልቀቂ!» አለቻት። በማግሥቱ ባሏ መጣ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አክስታችን እስከ ዛሬ ያችን ሴት ታነሣለች። ነርሷ ክፉ አልነበረችም፤ የተማረችውን ተናገረች እንጂ። ነገር ግን የተናገረችውን ቃል ልብ ብሎ ላየው፣ መጋደም በሆስፒታሉ ለመቆየት የሚከፈል ዋጋ ሆኖ ተቈጥሯል። ለመሆኑ ይህ ዋጋ ከየት መጣ?

ዕረፍትን መድኃኒት ማድረግ የቆየ ትምህርት ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሂልተን በ1863 ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም ያሳተመው መጽሐፍ፣ የተጎዳ አካል ከእንቅስቃሴ ሲያርፍ ተፈጥሮ ራሷ ትጠግነዋለች የሚለውን አሳብ በሰፊው አስፋፋ። ስለ ተሰበረ አጥንት ሲነገር አሳቡ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የፊላደልፊያው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል በ1877 ባወጣው መጽሐፍ ነርቫቸው የደከመ ናቸው የተባሉ ሴቶችን ለሳምንታት እያስተኛ፣ እያበላና ከሥራና ከንባብ እየከለከለ የሚያክምበትን ዘዴ ገለጸ። ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን የተባለችው ደራሲ ከወለደች በኋላ ባደረባት የመንፈስ ጭንቀት በዚሁ ዘዴ ታክማ ሕመሟ ስለ ባሰባት፣ በ1892 የታወቀውን አጭር ልብ ወለዷን ጻፈች። የርሷ ነገር ከወሊድ በኋላ ስለ ሆነ ከኛ ጉዳይ ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም። ቢሆንም የአልጋውን ትእዛዝ ከተኛችበት ሆና የተቸች ሴት መኖሯን ማወቅ ለዚህ ጽሑፍ ይጠቅማል፤ አብዛኛው ጽሑፍ ከአልጋው አጠገብ በቆመ ሰው የተጻፈ ነውና።

በሐኪሞችም ዘንድ ተቺ አልጠፋም። የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1947 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ «ወደ አልጋ የመሄድ አደጋዎች» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ጽፎ፣ መጋደም በሳንባ፣ በደም ሥር፣ በጡንቻ፣ በአጥንትና በአእምሮ የሚያደርሰውን ጉዳት በየተራ ቈጥሯል። ከዚያ ወዲህ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሕመምተኛን በማግሥቱ ማስነሣት ልማድ ሆኗል። በማዋለጃ ክፍል ግን ትምህርቱ የዘገየ ይመስላል።

ትእዛዙ ምክንያት አልነበረውም ብንል ግን ሐሰት ይሆንብናል። ጽንሱ ከገፋ በኋላ እናት በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኗ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፤ በግራ ጎኗ ስትተኛ ይህ ጫና ይቀልላል፣ ወደ ጽንሱም የሚሄደው ደም ይሻሻላል። እብጠት ያላት ሴት ስትጋደም ሽንቷ ይበረክታል፤ እብጠቷም ይጎድላል። ይህን ሁሉ ያየ ሐኪም «እንግዲያው ተኝታ ትቆይ» ቢል አያስደንቅም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለአንድ ሰዓት የሚበጅ ነገር ለስድስት ሳምንት ይበጃል ማለት አይቻልም። የሽንት መብዛትም የልጅ በሕይወት መወለድ ማለት አይደለም። መካከለኛውን ምልክት አይቶ ስለ መጨረሻው ውጤት መፍረድ በሌላም ትምህርት ዘርፍ የሚያጋጥመን ድካም ነው።

የመጨረሻውን ውጤት ለማወቅ የታመነው መንገድ ሴቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ማስተኛት፣ ሌላውን አለማስተኛት ነው። ይህንንም በግልጽ ካደረጉት አንዱ የተሠራው በአፍሪካ፣ በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ነው። በ1985 በታተመው በዚህ ምርመራ መንታ ያረገዙ 212 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ። ገሚሶቹ ከ32ኛው ሳምንት ጀምረው እስኪወልዱ ሆስፒታል ገብተው እንዲያርፉ ተደረገ፤ የቀሩት በቤታቸው ሆነው አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ገቡ። የመንታ እርግዝና ትልቁ አደጋ ያለ ጊዜው መውለድ ስለ ሆነ፣ የተጠበቀው የተኙት ጽንሱን ይበልጥ ያቆዩታል ተብሎ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ ካልተኙት ይልቅ ያለ ጊዜው የወለዱት ከተኙት ወገን በዙ። ይህ አንድ ምርመራ ብቻውን «መተኛት ምጥ ያመጣል» ለማለት አያበቃንም። ነገር ግን «ምንም ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለውን፣ በየቤቱም በየክፍሉም የሚሰማውን ቃል በዝምታ ለማሳለፍ ከዚህ በኋላ አስቸጋሪ ነው።

አይጎዳም የሚሉ ሰዎች የእኩዮቻችንን ነገር ይስሙ። በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኞች የ20 ዓመት ወጣቶች ለ20 ቀን ካልጋ ሳይነሡ ቆዩ። ከዚያ ሲነሡ ሰውነታቸው በብርቱ ሥራ ጊዜ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመሩ፣ ሠላሳው የዕድሜ ዓመት ከሦስቱ ሳምንት መጋደም ያነሰ እንደ ጎዳቸው ታወቀ። ዛሬም የጠፈር ተመራማሪዎች ክብደት የሌለበት ቦታ በሰው ጡንቻና አጥንት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በምድር ላይ ለማጥናት ሲፈልጉ የሚያደርጉት ጤነኛን ሰው ለሳምንታት ማስተኛት ነው። እንግዲህ ጉዳትን ለማጥናት የሚያገለግለው ዘዴ ለነፍሰ ጡሯ እንደ መድኃኒት ይሰጣል። በርሷም ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የቀለለ ነው፤ አለመንቀሳቀስም ለደም መርጋት ሌላው ምክንያት ነው። የአክስታችን ጉልበት የተብረከረከው ከወሊዱ የተነሣ ብቻ እንዳልነበረ የገባን ይህን ካነበብን በኋላ ነው።

ስለ ደም ግፊት የተደረገው ምርመራ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ስላይደለ መሸሸግ አይገባንም። ሐራሬ ውስጥ የተሠራና በ1992 የታተመ ሌላ ምርመራ ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ በሽንታቸው ግን ፕሮቲን ያልታየ 218 ሴቶችን በዕጣ ከፈለ። ሆስፒታል ገብተው ያረፉት ወገኖች እጅግ ከፍ ያለ ግፊት ያነሰባቸው መሰለ፤ ያለ ጊዜው መውለድም በመጠኑ ያነሰ መሰለ። ለአልጋው ጠበቃ የሚሆን ቢኖር ይህን ይጥቀስ፤ ልንሰማው ይገባል። ነገር ግን ሁለት ነገር እንጨምርበት። እነዚያ ሴቶች መጠነኛ ዕረፍት አደረጉ እንጂ ካልጋ እንዳይወርዱ አልታሰሩም። ደግሞም ለሚቀጥለው እርግዝና ምርጫ ቢሰጣችሁ ይህን አያያዝ ትደግሙታላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ «አንደግመውም» ያሉት ይበልጥ የበዙት ሆስፒታል ከገቡት ወገን ነበር። ያችን ባለ ነጠላዋን ሴት በሐራሬ ቁጥር ውስጥ ያገኘናት መሰለን።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ በእርግዝና ጊዜ ግፊታቸው ከፍ ላለ ሴቶች ጥብቅ የአልጋ ዕረፍት እንዳይታዘዝ መክሯል። የአሜሪካ የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2012 ያለ ጊዜው የሚመጣን ምጥ ለመከላከል አልጋን እንደ ዘወትር ሕክምና ማዘዝ እንደማይገባ ጽፏል። ትእዛዙ ግን ከመጽሐፍ ከወጣ በኋላም ከአፍ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ስናስብ የምንገምተው፣ ለሐኪሙ ምንም የማያስወጣው፣ ለቤተ ሰቡም «አንድ ነገር ተደረገ» የሚያሰኝ በመሆኑ ነው። ባደግንበት የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ራሱን ላመመውም፣ ሆዱን ለቆረጠውም፣ ፈተና ለፈራውም መጀመሪያ የሚሰጠው አልጋ ነበር፤ ሾርባው የሚመጣው በኋላ ነው። እናም ዳንን፤ ሳንተኛም እንድን ነበር።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አልጋው ካላዳናት አክስታችንን ያዳናት ምንድን ነው? የእንግዴ ልጅ የማሕፀን በር የሸፈነባት ሴት በማንኛውም ሌሊት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ደም ሊፈስሳት ይችላል። በዚያች ሌሊት የሚያስፈልጋት ደም፣ የሚያደነዝዝ ባለሙያና ቢላ የሚይዝ እጅ ነው። እነዚህ ደግሞ ከአልጋዋ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። የሆስፒታሉ ሌሎች ስጦታዎችም እንዲሁ ናቸው። ሊጊንስና ሃዊ የተባሉት ሁለት የኒውዚላንድ ሐኪሞች በ1972 እንዳሳዩት፣ ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ላለች እናት አስቀድሞ የሚሰጥ የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ የሕፃኑን ሳንባ ለመተንፈስ ያደርሰዋል። በ33 አገሮች ወደ 10,000 በሚጠጉ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2002 የታተመው ትልቅ ምርመራ ደግሞ ማግኒዚየም ሰልፌት ግፊትን ተከትሎ የሚመጣውን የሚጥል በሽታ በግማሽ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ከነዚህ አንዱም ሴትዮዋ በረንዳ ላይ ቆማ እንደ ሆነ የሚከለከል አይደለም። ግፊቷን ለመለካት ጠርቶ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ይህ የኛ ፈጠራ እንዳይመስል በገዛ አገራችን ያለውን ማስረጃ እናቅርብ። በጉራጌ አገር፣ በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው በ1969 የተከፈተው የአጣጥ ሆስፒታል፣ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት አለው። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ምጥ የሚያስቸግራት ወይም መንገዷ የራቀ ሴት ወሯ ሲደርስ መጥታ በዚያ ትቀመጣለች። ስንቋን ይዛ ትመጣለች፤ ከአስታማሚዋ ጋር ታበስላለች፤ ከሌሎቹ ጋር ቡና ትጠጣለች፤ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ይከታተሏታል፤ ምጥ ሲይዛት ግቢውን ተሻግራ ትገባለች። ከ1987 እስከ 2008 በነበሩት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱት 24,148 ሴቶች ተመርምረው ውጤቱ በ2010 ታትሟል። በማቆያው አልፈው ከገቡት 6,805 ሴቶች መካከል የእናቶች ሞት በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ 90 ያህል ነበር፤ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ደረሰ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከማቆያው በኩል ከ1,000 ወደ 18፣ በቀጥታ ከመጡት በኩል 191 ነበሩ።

እዚህ ላይ በደስታ ብዕራችንን መወርወር አይገባንም። እነዚህ ሴቶች በዕጣ የተከፈሉ አይደሉም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ይሆናሉ፤ ስለዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የማቆያው ቤት ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ለኛ ጥያቄ የሚበቃው ሌላ ነው። በማቆያው የኖሩት 6,805 ሴቶች አስጊ እርግዝና የነበራቸው ብዙዎች ሳሉ፣ ካልጋ አትውረዱ ሳይባሉ፣ ለአደጋው ቀርበው በመገኘታቸው ብቻ ይህን ያህል ደኅና ውጤት አግኝተዋል። መጋደም የግድ ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት አንድ ዓመት እንኳ ባልቆመ ነበር።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አቀረቡልን። «እናንተ የምትጠቅሱት የሐራሬን ሴት ነው፤ የኛ የገጠር ሴት በዘጠነኛ ወሯ እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ እንጨት ትሸከማለች፤ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ሐኪሙ ‹ተኚ› ካላላት ማን ያሳርፋታል?» አሉን። ይህ ተቃውሞ ብዙ ቀን አስጨንቆናል። እውነትም በብዙ ቤት ለአንዲት እናት ዕረፍት የሚፈቀደው በሐኪም ቃል ብቻ ነው፤ ከሐኪሙም ቃል ውስጥ ባልና አማት የሚሰሙት «ተኚ» የሚለውን ነው። ነገር ግን ከሸክም ማረፍና ካልጋ አለመውረድ ለየብቻ ናቸው። «እንስራ አታንሣ፤ እንጨት አትሸከም፤ ቀን ላይ ትረፍ፤ እስክትወልድም በዚህ አካባቢ ትቆይ» ብሎ በወረቀት ላይ ጽፎ ለባሏ መስጠት ይቻላል። «ተኝታ ትቆይ» ከሚለው የሚረዝመው በአንድ መስመር ብቻ ነው። ሐኪሞቻችን ያን መስመር ለመጻፍ ጊዜ አጥተው እንደ ሆነ ለሕክምናው ክፍል ጓደኞቻችን እንተወዋለን፤ ማመካኛ ይሆናል ብለን ግን አናምንም።

ደግሞ የአልጋ ነገር አለ። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች አልጋ ጠፍቶ በወለል ላይ ፍራሽ ሲነጠፍ የጠየቅን ሁሉ አይተናል። ቆማ ልትጠብቅ የምትችለውን እናት በአልጋ ላይ አስሮ ማቆየት ያንኑ አልጋ ከሌላዋ መንጠቅ ነው። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል፤ ገንፎውና ቡናው ሲዘጋጅባቸው አይተናል፤ ይህ ደግ ነው። ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነ አደጋ ላለባት እናት ግን የሚጠቅማት ማቆያ ደምና ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ጎን የተሠራው ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው ይልቅ ጥቂት ነው።

አንድ ሥራ ለባልንጀሮቻችን እናቀርባለን። ያች ባለ ነጠላዋ ሴት በወጣች ቀን ነርሷ በአልጋዋ ግርጌ ከተንጠለጠለው ወረቀት ላይ «በራሷ ፈቃድ ወጣች» ብላ ስትጽፍ አክስታችን አይታለች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየመዝገቡ ይኖራል። ከዋርድ ወደ ዋርድ የሚዘዋወሩ የሕክምና ተማሪዎች ከዚህ በኋላ እንዲህ ብላ የምትወጣ እናት ሲያጋጥማቸው፣ ከመውጣቷ በፊት አጠገቧ ተቀምጠው ሁለት ጥያቄ ይጠይቁልን፦ ሆስፒታሉ አጠገብ መቆየት ነው ያቃታት ወይስ መተኛት? ያቃታት መተኛት ብቻ ከሆነ፣ ሳትተኛ መቆየት እንደምትችል የነገራት ሰው ነበረ ወይ? መልሱን ቀኑን ጨምረው ይጻፉልን፤ ስሟ አያስፈልገንም።